ጀሚናይ 105 ወይስ ፒዲኪው 32?

ሁለቱም ካታማራን የሚባሉ ባለ ሸራ ጀልባዎች ናቸው፤ ጎን ለጎን በተያያዙ ሁለት ቀጫጭን የጀልባ ቀፎዎች ላይ የሚንሳፈፉ። ርዝመታቸውም 10 ሜትር ገደማ ነው። በሞተር ግን ጨርሶ አይገናኙም።

የአሜሪካው ጀሚናይ 105ኤምሲ ያለው አንድ የናፍጣ ሞተር ብቻ ነው። ፕሮፔለሩን የያዘው እግር ከመሪው ጋር አብሮ ይዞራል፤ በሸራ ስትጓዙ ደግሞ ከውሃው ይነሳል። የጀልባው ወርድ 4.3 ሜትር ስለሆነ ለተራ ጀልባ በተሠራ ማቆሚያም ይገባል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለካታማራን የሚበቃ ቦታ ፍለጋ ያማርራል፣ ኪስም ይጎዳል።

የካናዳው ፒዲኪው 32 ሰፋ ይላል፤ 4.9 ሜትር ነው። የናፍጣ ሞተር ያላቸው ቢኖሩም፣ በብዛት የሚታየው ባለ ሁለት የቤንዚን ሞተሩ ነው። እያንዳንዱ 9.9 የፈረስ ጉልበት ያለው ያማሃ ነው። አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ስታደርጉት ጀልባው እዛው በቆመበት ይዞራል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ቤት ያደርሳል። የተበላሸውንም ፈታ አድርጎ መካኒክ ጋ መውሰድ ነው።

ችግሩ ቤንዚን ነው፤ ትነቱ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ማዕበሉ ሲበረታም ፕሮፔለሩ ለአፍታ አየር ላይ ይቀራል። ሞተሩ እሪ ይልና መልሶ ውሃውን ይይዛል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ሆዱ ይሸበራል።

እኔ ግን ፒዲኪውን እመርጣለሁ። ነፋስ በጎን እየገፋችሁ ጠባብ ወደብ ስትገቡ፣ ሁለተኛ ሞተር ማለት ሁለተኛ እጅ ነው። ማቆሚያችሁ ጠባብ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ጀሚናይ።