ማንዳሪን ወይስ ክላውን? ከመልኩ በፊት ሆዱን እዩ

የጨው ውሃ አኳሪየም ለማሳመር ስታስቡ እነዚህ ሁለት ትንንሽ የሪፍ (ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት የሠሩት ቋጥኝ) አሳዎች ዓይን ይስባሉ። ክላውን ብርቱካናማ ነው፤ ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቀ። ማንዳሪን ደግሞ ሰማያዊና ብርቱካናማ ሐረግ የተጠለፈበት ጨርቅ ይመስላል።

በመልክ ከሆነ ለእኔ ማንዳሪን ይበልጣል። የአብዛኞቹ እንስሳት ሰማያዊነት ብርሃን ሲነጥር የሚፈጠር ነው። የማንዳሪን ግን በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ ያለ እውነተኛ ሰማያዊ ቀለም ነው። አከርካሪ ካላቸው እንስሳት እንዲህ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅርፊትም የለውም፤ በምትኩ መጥፎ ሽታ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ገላውን ይሸፍነዋል።

ችግሩ ሆዱ ላይ ነው። ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች እስከ አውስትራሊያ ባሉት ሪፎች ቀኑን ሙሉ ኮፔፖድና መሰል ደቃቅ ፍጥረታትን ሲለቅም ይውላል። ከባሕር የተያዘ ማንዳሪን ደረቅ ምግብ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ዞር ብሎም አያየውም። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ያለችውን ኮፔፖድ ለቅሞ ይጨርስና በረሃብ እየከሳ ይሞታል። ሲያዩት አንጀት ይበላል። ለእሱ 300 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ድንጋዩ በእነዚህ ደቃቅ ፍጥረታት የተሞላና ወራት ያስቆጠረ አኳሪየም ያስፈልጋል።

ክላውን በዚህ አያስቸግርም። የሚሰጠውን ሁሉ ይበላል፤ በአኳሪየም የተፈለፈለም በቀላሉ ይገኛል። አብሮት የሚኖረውን አኔሞኒ (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ካልገዛን ብላችሁም አትጨነቁ፤ ያለ እሱ ደህና ይኖራል። እንዲያውም ከአሳው ይልቅ አኔሞኒውን ማኖር ይከብዳል። ጥንድ ከፈለጋችሁ በመጠን የሚበላለጡ ሁለት ትንንሾች ውሰዱ። ክላውን ሁሉ ወንድ ሆኖ ነው የሚያድገው፤ ከሁለቱ ትልቁ በኋላ ሴት ይሆናል። በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ አስባችሁበት ግዙ።

ለጀማሪ ምክሬ ክላውን ነው። አኳሪየማችሁ ሲበስል ማንዳሪን ጨምሩ፤ ሁለቱ በሰላም ይኖራሉ። ሁለት ወንድ ማንዳሪን ግን አንድ ላይ አታስገቡ፣ ይደባደባሉ። ወንዱ በጀርባው ክንፍ ፊት ለፊት ባለው ረጅም እሾህ ይለያል። ወንድና ሴት ከሆኑ ግን ምሽት ላይ ጎን ለጎን ተጠግተው ለመራባት ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሲነሱ ልታዩ ትችላላችሁ።

ማንዳሪን ስትገዙ በአኳሪየም የተፈለፈለ ካለ እሱን አስቀድሙ። ሻጩ ፊታችሁ እንዲመግበው ጠይቁ። ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ምግቡን ካልነካ ተዉት።