«ዋችመን»ን በዲስክ የምትገዙ ሰዎች፣ ደቂቃውን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ

የዳይሬክተር ዛክ ስናይደርን «ዋችመን» የተሰኘ የጭምብል ለባሽ ጀግኖች ፊልም በዲስክ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ተጠንቀቁ። በኢንተርኔት የሚነግድ አንድ ሻጭ «ያልተቆረጠ ሙሉ ቅጂ» ብሎ አስተዋውቆ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ሰቅሎ የላከልኝ በሲኒማ ቤት የታየውን የ162 ደቂቃ ቅጂ ነው። በማስታወቂያው ላይ የለጠፈው የሽፋኑን ፊት ብቻ ነበር፤ ደቂቃው የተጻፈው ግን በጀርባው ነው። ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ስጠይቀው «ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ፤ ምን ጎደለው?» አለኝ።

የጎደለውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 በአሜሪካ የወጣው የዳይሬክተሩ ቅጂ 186 ደቂቃ ነው። በወጣትነቱ ጭምብል ለብሶ ወንጀለኞችን ይዋጋ የነበረው አረጋዊው ሆሊስ ሜሰን በገዛ ቤቱ በወሮበሎች ሲገደል የምናየው በዚህ ቅጂ ነው። እየተደበደበ በቡጢ ሲመክት በወጣትነቱ የተፋለማቸው ወንጀለኞች ፊት እየተፈራረቀ ይታየዋል። ከፊልሙ ሁሉ ልብ የሚሰብረው ትዕይንት ለእኔ ይህ ነው፤ በ162 ደቂቃው ውስጥ ግን የለም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር የወጣው «አልቲሜት ከት» የተባለው ከሁሉም የረዘመ ቅጂ 215 ደቂቃ ይፈጃል። በፊልሙ ውስጥ በጋዜጣ መሸጫ አጠገብ ተቀምጦ የሚያነብ ልጅ አለ፤ የሚያነበው የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ በአኒሜሽን ተሠርቶ በፊልሙ መሃል ገብቷል። ይህ አኒሜሽን በማርች፣ ፊልሙ ገና በሲኒማ ቤት እየታየ ሳለ፣ ለብቻው በዲስክ ተሽጦ ነበር። ያኔ የገዛ ሰው ሙሉውን ሲፈልግ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈለ። ይህም ደግ ንግድ አይደለም።

የፊልሙ ሥርጭት ራሱ ለግርታው በር ከፍቷል። በአሜሪካ ያሠራጨው ዎርነር ብራዘርስ የተባለው የፊልም ኩባንያ፣ ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ ፓራማውንት ነበር። በብሪታንያ ፓራማውንት ያወጣው ዲስክ የሲኒማ ቤቱን ቅጂ የያዘ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ስም የያዙ ሁለት ሽፋኖች ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። በተጨማሪም የአውሮፓ ዲቪዲ በሴኮንድ 24 ሳይሆን 25 ምስል ስለሚያጫውት 162ቱ ደቂቃ ወደ 155 ይወርዳል፤ የተለየ ቅጂ እንዳይመስላችሁ።

ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ተመልካቹንም ሐያሲውንም ለሁለት ከፍሏል። ጀግኖቹ የደከሙና የመረራቸው ናቸው፤ ነፍስ የሚያጠፉም አሉባቸው። 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በመላው ዓለም ያስገባው 185 ሚሊዮን ያህል ነው። ፊልሙ የተሠራበት በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ ደራሲ አለን ሙር ስሙ እንዲጠቀስ እንኳ አልፈቀደም። የወደደው ሰው ግን አጥብቆ ወደደው፤ ነጋዴዎቹ ዋጋ የሚቆልሉትም ይህን ፍቅር አይተው ነው።

«ሙሉ»፣ «ልዩ»፣ «ያልተቆረጠ» የሚሉትን ቃላት አትመኑ። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ደቂቃውን በጽሑፍ ይንገራችሁ፤ የሽፋኑን ጀርባ ፎቶግራፍም ይላክላችሁ። አልልክም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።