ለደሴ ባጃጅ የትኛው የፍሬን ሸራ ያዋጣል?

ባጃጅ ነጂ ስለ ሞተር ሲያወራ ይውላል። ስለ ፍሬን ሸራ የሚያወራው ግን ቁልቁለት ላይ ከደነገጠ በኋላ ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። አንድ ቀን ሁለት እናቶች ጭኜ ወደ ፒያሳ ስወርድ ፔዳሉ እግሬ ሥር ስምጥ አለ። ማርሽ ቀንሼ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተፋትጌ ቆምኩ። እናቶቹ «አላህ አተረፈን» ብለው፣ ሂሳባቸውንም ከፍለው ወረዱ። ሸራው ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሻጩ «ያው ኦርጂናል ነው፤ ካርቶኑ ብቻ ነው የተለየው» ብሎኝ ነበር።

ገበያው ላይ የኩባንያው ኦርጂናል፣ ሌሎች የህንድ ፋብሪካዎች የሚሠሩት መካከለኛ፣ ርካሹ ኮፒ እና በአሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ የሚለጠፍበት አለ።

ልዩነቱ የሚታየው ሲግል ነው። ሸራ ማለት ብናኝና ሙጫ ተደባልቆ የተጋገረ ነገር ነው። ርካሹ ቶሎ ይሸነፋል። ሙጫው ይለሰልስና ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ወዲያ ታምቡሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ከመያዝ ይልቅ ይንሸራተታል። ኦርጂናሉም ቢሆን በጣም ከጋለ ይደክማል፤ ግን ብዙ ይታገሣል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ ለሚወርድ ሰው ይህ ትዕግሥት ብዙ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ጉዳይ ልክ ነው። የኮፒው ቅርጽ ከታምቡሩ ክብ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። መሃሉ ብቻ ይነካል፣ ጫፎቹ አየር ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ፔዳሉ ጠልቆ ይሄዳል፣ ያቺ የምትነካዋ ቦታም ብቻዋን ትቃጠላለች። አንዳንዱ ደግሞ ከልክ በላይ ደረቅ ነው፤ እየጮኸ ታምቡሩን ይበላዋል። እዚህ ላይ ነው ርካሽነቱ የሚያበቃው፤ ምክንያቱም ታምቡር ከሸራ በጣም ይወደዳል። የመካኒክ እጅ ዋጋና ባጃጁ ቆሞ የዋለበትን ቀን ጨምሩበት።

ታዲያ ሁሌ ኦርጂናል? ዋጋው ይከብዳል፣ ይህን አልክድም። ካርቶኑም ዋስትና አይደለም፤ ካርቶን ማተም ሸራ ከመሥራት ይቀላል። የታወቀ የህንድ ፋብሪካ መካከለኛ ሸራ ካገኛችሁ፣ በእኔ ግምት ለገንዘቡ እሱ ያሸንፋል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ ቦርከና አካባቢ ብቻ ለሚሠራማ በቂ ነው። ደሴ ዳገትና ቁልቁለቱን ከጠዋት እስከ ማታ ለሚመላለስ ግን ኦርጂናሉን እመርጥለታለሁ። ኮፒውን ለማንም አልመክርም። የሚለጠፈውም ቢሆን ባለሙያውን በደንብ ካላወቃችሁት ይቅርባችሁ፤ ሸራው ከብረቱ ከተላቀቀ ጎማውን ሊይዘው ይችላል።

ስትገዙ ካርቶኑን አስከፍቱ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩት፤ ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል ይሁን፣ ብየዳው አይዝረክረክ። ቢቻል ታምቡሩ ውስጥ አስገብታችሁ ክፍተቱን እዩ። የግራና የቀኙ የተለያየ ከሆነ ባጃጁ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ቀን ይቀየሩ። አዲስ ሸራ እስኪላመድ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በቀስታ ንዱ። የፍሬን ዘይቱንም አትርሱት፤ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ይሰምጣል። ጥሩ ሸራ ገዝቶ አሮጌ ዘይት መተው ትርጉም የለውም።

ያቺ የከዳችኝ ሸራ አሁን መካኒኬ ጠረጴዛ ላይ ናት። ፊቷ ዛሬም ያብረቀርቃል። «ርካሹን ብገዛስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ አንስቶ ያሳየዋል።