ከካራ ማዶ ያለው የወንድ ጎዳና ተዳዳሪዎች ማገገሚያ፦ መግቢያው ደግ፣ መውጫው ግን ችኩል

አራት ዓመት በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደረውን የአክስቴን ልጅ ከካራ አለፍ ብሎ ወደሚገኘው ማገገሚያ ያስገባሁት ባለፈው ጥር ነው፤ ቅሬታም ስላለኝ የማገገሚያውን ስም አልጠቅስም። ልጁ ድምፅ ይሰማዋል፤ ድምፁን ዝም ለማሰኘት ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ አረቄ ይጠጣል። ከዚያ በፊት የሄድንባቸው ቦታዎች አንዱ «መጠጡን አስተዉትና አምጡት»፣ ሌላው «አእምሮውን አሳክሙትና አምጡት» እያሉ መልሰውናል። እዚህ ግን ሁለቱንም በአንድ ካርድ መዝግበው ተቀበሉት።

ያስደነቀኝ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አያያዝ ነው። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ መንቀጥቀጡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ እስከ 48 ሰዓት ድረስ እየጣለ የሚያንዘፈዝፈው ሕመም ሊመጣ፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ለሞት የሚያደርስ ቅዠት ሊከተል ይችላልና፣ «ቆልፋችሁበት ይተወዋል» የሚለው የሰፈር ምክር አደገኛ ነው። ነርሷ መንቀጥቀጡን የሚያረጋጋውን መድኃኒት፣ ዲያዜፓምን፣ እየመጠነች ሰጠችው፤ ግሉኮስ ከመስቀሏም በፊት የቫይታሚን ቢ1 መርፌ ወጋችው። ምክንያቱን ስጠይቃት «ምግብ የራቀው ሰው ነው፤ ስኳሩ ከቀደመ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል» አለችኝ።

በሁለተኛው ማለዳ ሻይ ሲታደል ወጥ ሠሪዋ ለእርሱ ኩባያውን እስከ ግማሽ ብቻ ቀዳችለት። የሰሰተች መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። እጁ ሲንቀጠቀጥ ሻዩ እስከ ጠርዙ እየወጣ ሲመለስ ሳይ ነው የገባኝ፤ እንደ ጨረሰም ሌላውን ግማሽ ጨመረችለት።

ክፍያ የለም፤ ምግቡ ሽሮ ነው፣ ይበቃል። ብርድ ልብሱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የጥርን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው በ21ኛው ቀን ነው። የሁለት ሳምንት ክኒን በፌስታል ቋጥረው፣ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሚላክበትን ወረቀት ሰጥተው በር ላይ ተሰናበቱት። ከካራ አማኑኤል ድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀያየራል፤ ደጅ የሚያድር ሰው ደግሞ ክኒኑ ይርስበታል፣ ይሰረቅበታል፣ ወይም ራሱ ይጥለዋል። በክኒኑ ፈንታ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ለምን እንዳልታሰበለት ኃላፊውን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ» የሚል ብቻ ነበር። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ደጁ ላይ ተራ የሚጠብቁትን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ከዚያው በር ሃምሳ እርምጃ ሳይርቅ አረቄ ቤት አለ፤ ልጁም ከወጣ በኋላ ሳይጠጣ የቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

እንደገና ላስገባው ተራ ይዣለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ሰው የምታስገቡ ካላችሁ የመውጫውን ቀንና የመርፌውን ጉዳይ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ ለእኛ የተነገረን በዋዜማው ምሽት በስልክ ነበር።