መረብ ሽቦ ለጓሮ ፍየል፦ አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛውን የያዘ አጥር ሲገመገም

የምንገመግመው አጥር 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) መረብ ሽቦ ነው። ቀዳዳው 5 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ የሽቦው ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር። ማዕዘኖቹ ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ ብረት፣ መካከለኞቹ ቋሚዎች ባሕር ዛፍ ናቸው። ቦታው ቢሾፍቱ ዳር፣ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ፤ ስፋቱ 10 በ10 ሜትር። የሚውሉበት ስድስት የአርሲ-ባሌ ፍየሎች ከነግልገሎቻቸው።

መረቡ ራሱ እስካሁን አላሳፈረም። ያስቸገረው መረቡን የያዘው ነገር ነው፤ የማዕዘን ቋሚው፣ የታችኛው ጠርዝና በሩ። ብዙ ሰው ብሩን ወፍራም ሽቦ ላይ ጨርሶ ቋሚው ላይ ይቆጥባል። ለከብት ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፣ ለፍየል ግን አያዋጣም።

ምክንያቱም ፍየል አጥር ከመዝለሏ በፊት ትደገፈዋለች። የፊት እግሮቿን መረቡ ላይ ሰቅላ ከውጭ ያለ ቅጠል ትቀነጥሳለች፣ ጎኗን ታክበታለች። ክብደቷ የሚያርፈው ከመሬት ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ መረቡ ሆድ የሚያወጣው እዚያው ነው። ከላይና ከታች ብቻ የታሰረ መረብ በጥቂት ወር ውስጥ ይረግባል። የረገበ መረብ መልኩ መበላሸቱ ብቻ አይደለም ጣጣው፤ የተንጠላጠለች ፍየል ኮቴ በቀዳዳው ሹል ጥግ ሊወሸቅ ይችላል። መፍትሔው ባለ 3 ሚሊ ሜትር መወጠሪያ ሽቦ በሦስት ረድፍ መዘርጋት ነው፦ አንዱ ከላይ፣ አንዱ 75 ሴንቲ ላይ፣ አንዱ ከመሬት 5 ሴንቲ ከፍ ብሎ። ለ40 ሜትር ዙሪያ ትርፉን ጨምሮ 130 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ሲመዘን 7 ኪሎ ተኩል ቢደርስ ነው። መረቡን ከመወጠሪያው ጋር በየ30 ሴንቲው እሰሩት። ለማሰሪያ ለፌሮ የሚውለውን ጥቁር ሽቦ አትጠቀሙ፤ ክረምት ካገኘው ዝጎ ይበጠሳል። ማሰሪያውም ጋልቫናይዝድ ይሁን፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውጭ ይታጠፍ።

ግዢው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሁለት ተኩል» ተብሎ የሚሸጠው ሽቦ ሁልጊዜ ሁለት ተኩል አይደለም። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ ሚዛን ይበቃል። ቁመቱ 1.5፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ጥቅል በትክክለኛ 2.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ ከተሠራ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ከተሠራ ከ32 ኪሎ ብዙ አይርቅም። ግማሽ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም፣ ከብረቱ ግን ሲሶ የሚበልጠውን ይወስዳል። ስለዚህ ዋጋ የምታወዳድሩት በሜትር ሳይሆን በኪሎ ይሁን። በፕላስቲክ የተሸፈነው አረንጓዴ መረብ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ሻጩ የሚነግራችሁ ውፍረት ሽፋኑን ጨምሮ ሊሆን ይችላል።

ጠርዙንም እዩት። የአንዳንዱ መረብ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ያለቀ ነው፤ የሌላው ተጠማዞ እንደ እሾህ ይቆማል። እሾሁን ወደ ላይ አድርጎ መትከል ለሌባ ጥሩ ይመስላል፤ የምትንጠላጠል ፍየል ግን አንገቷንና ደረቷን ይቦጫጭራታል። የታጠፈው ጠርዝ ከላይ ይሁን።

ከሁሉ አብልጦ የፈተነን አፈሩ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ይህ መንፋትና መሟሸሽ ቋሚውን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ይገፋዋል። በተለይ የኮንክሪቱ አፍ ከታቹ ሰፍቶ ከተሞላ አፈሩ ሲያብጥ ከሥር ይዞ ያነሣዋል። ጉድጓዱ እንደ እንስራ ከአፉ ጠበብ፣ ከሆዱ ሰፋ ይበል። የማዕዘን ቋሚ ቢያንስ 80 ሴንቲ ይግባ፤ መካከለኞቹ 60 ይበቃቸዋል። እያንዳንዱ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ውጥረቱን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነውና። ያለ ድጋፍ የቆመ ማዕዘን ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ከዚያ ሦስቱም መወጠሪያዎች አብረው ይላላሉ። ለቁፋሮ የሚመቸው ጥቅምት ነው፤ አፈሩ እርጥበት አለው፣ ግን አካፋ ላይ አይጣበቅም። የካቲት ላይ ለመቆፈር የሚነሣ ዶማ ይፈጃል።

የባሕር ዛፍ ቋሚ በየ2.5 ሜትሩ ተተክሏል። ዲያሜትሩ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሆኖ ልጡ የተላጠ መሆን አለበት፤ ልጥ ካለ እርጥበትና ነቀዝ ከሥሩ ይሸሸጋል። እንጨት የሚበሰብሰው ጥልቅ የተቀበረው ጫፍ ላይ ሳይሆን እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በአፈሩ አፍ ላይ ነው። የተቃጠለ ዘይት ስትቀቡት ከአፈሩ ደረጃ 30 ሴንቲ ከላይ፣ 30 ሴንቲ ከታች ላይ አተኩሩ። ዘይቱ ሳይደርቅ ግን ፍየል አይግባበት፣ ይልሱታል። እንጨቱን በኮንክሪት አትክበቡት፤ ውሃ አቁሮ ያበሰብሰዋል። በድንጋይና በጠጠር ጠቅጥቆ መትከሉ የተሻለ ነው። አናቱንም ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ዝናብ እንዲወርድ።

የታችኛው ጠርዝ። ፍየል አትቆፍርም፣ ግልገል ግን 10 ሴንቲ ክፍተት ካገኘ ሾልኮ ይወጣል። ከውጭ የሚቆፍሩት ውሻና ጅብ ናቸው። በአጥሩ ሥር በውጭ በኩል 30 ሴንቲ ስፋትና 30 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ በትልልቅ ድንጋይ መሙላት ውሻን ያቆማል። ጅብን አያቆምም። የትኛውም መረብ የጅብ አጥር ነው ተብሎ ቢሸጥላችሁ አትመኑ፤ ይህ የቀን አጥር ነው። ማታ ፍየሎቹ ግድግዳና ጠንካራ መዝጊያ ያለው ቤት መግባት አለባቸው።

በሩ ላይ ሁለት ዝርዝር አለ። ፍየል በቀንዷ የበሩን ማገር ከሥር እየገፋች ከማጠፊያው ልታወልቀው ትችላለች፤ የላይኛው ማጠፊያ ምሰሶ ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ ከተበየደ አይወልቅም። ሁለተኛ፣ ተንሸራታች መቀርቀሪያ በምላስና በከንፈር ይከፈታል። በውጭ በኩል ሆኖ በሰንሰለትና በመንጠቆ የሚያዝ ይሁን። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት፤ መኖ ይዘው ሲገቡ የሚገፉት ፍየሎች በሩን ይዘጉታል እንጂ አይከፍቱትም።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ፦ እሾሃማ ሽቦ ጡት ይቀድዳል፣ በመስመሮቹ መካከልም ይሾልኩበታል። ቀዳዳው 15 ሴንቲ የሆነ ፍርግርግ ቀንድ ያላትን ፍየል ጭንቅላት ያስገባል፣ ሲመለስ ግን ቀንዱ ይይዘዋል። ቆርቆሮ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ብቻ ጥሩ ነው። ቅንጭብ ርካሽና ዘላቂ ነው፣ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፤ ግልገል ካለ ከመረቡ ውጭ ይሁን። በአጥሩ ዙሪያ ያለውንም አረንጓዴ መርምሩ። የወፍ ቆሎና ኦሊያንደር መርዝ ናቸው፣ የጉሎ ፍሬም እንዲሁ፤ የፍየል አፍ በቀዳዳው እስከሚደርስበት ድረስ መነቀል አለባቸው።

መረብ ሽቦ አንድ ያልተጠበቀ ጠባይ አለው፦ ነፋስ ያመጣውን ፌስታል ሁሉ ይሰበስባል። ፍየል ደግሞ ጨው ወይም የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ትበላለች፤ ከጨጓራዋ አይወጣም፣ እየተጠራቀመ ሆዷ የሞላ እያስመሰለ ያከሳታል። ጠዋት ጠዋት አጥሩን ዞሮ መልቀም የእንክብካቤው አካል ነው። አጥሩ ውስጥ ባለች ፍየል አንገት ላይ ገመድና ማሰሪያ አትተዉ፤ ተጠላልፎ ያንቃል። መኖም አጥሩ ላይ አይሰቀል። የሣር ማስቀመጫው ለብቻው ይቁም፣ ከመሬት 50 ሴንቲ ከፍ ይበል፤ መሬት የወደቀ መኖ የትል እንቁላል ይዞ ይመለሳል።

አጥር ውስጥ የምትውል፣ 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ መኖ፣ ወይም 4 ኪሎ ገደማ እርጥብ ቅጠልና ሣር ትፈልጋለች። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ተጨማሪ ናቸው፤ ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃል፣ ሲጀመርም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን። በአንድ ቀን ብዙ እህል ወይም ሊጥ ያገኘች ፍየል ጨጓራዋ አሲድ ሆኖ ልትሞት ትችላለች። ለተቀጠቀጡ ወንዶች ፍሩሽካ ብቻ መስጠት ሌላ አደጋ አለው፤ ፎስፈረሱ ስለሚበዛ የሽንት ጠጠር ያመጣል። አሞሌ ጨው እንዲልሱና ውሃ አብዝተው እንዲጠጡ አድርጉ።

ለትል፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣችሁ ቀለሙን እዩ። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጣ ካለ ደም መጣጩ ትል ሥራ ጀምሯል። በዚህ መንገድ የሚያስፈልጋትን ብቻ ማከም መድኃኒቱ ቶሎ እንዳይለመድ ይረዳል። ፍየል መድኃኒቱን ከበግ ፈጥና ስለምታስወግድ በበግ ልክ የተሰጠ አልቤንዳዞል ያንሳታል፤ መጠኑን የወረዳው የእንስሳት ሐኪም በክብደቷ ይወስን። እርግዝናዋ ገና የመጀመሪያው ወር ላይ ከሆነ አልቤንዳዞል አይሰጣትም።

የደስታ መሰል በሽታ (PPR የሚባለው የበግና የፍየል ተላላፊ በሽታ) ክትባት አንዴ ከተሰጠ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይከላከላል። የፍየል ሳንባ ምች ግን በየዓመቱ ይደገማል። ከገበያ የመጣች አዲስ ፍየል ክትባቷ ባይታወቅም ቢታወቅም ለሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ለይቶ ለማቆየት በአጥር ብቻ አትለዩአቸው፤ በመረብ ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገናኛሉ። ቢያንስ ጥቂት ሜትር ርቀት ያስፈልጋል።

አጥሩን በዓመት ሁለቴ ጎብኙት፦ መስከረም ላይ የላሉትን መወጠሪያዎች በማጥበቂያ ብሎን አጥብቁ፤ ግንቦት ላይ የተበጠሱ ማሰሪያዎችን ቀይሩ፣ የብየዳ ቦታዎችን በብረት ብሩሽ ፈግፍጋችሁ የዚንክ ቀለም ቀቡ። ብየዳ ጋልቫናይዙን ስለሚያቃጥለው ዝገት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።