«የዕድሜ ልክ ሞጁላር ስቱዲዮ» ለሚሏችሁ ሰዎች ብር እንዳትልኩ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። ጥቁር ገጽ፣ ባለቀለም ኬብሎች፣ ከኋላ የሚደልቅ ቢት። «ምንም ሳትጭኑ፣ በብሮውዘር ብቻ፣ ሙሉ ሞጁላር ስቱዲዮ! 6,500 ብር አንዴ ትከፍላላችሁ፣ ዕድሜ ልካችሁን ትጠቀማላችሁ!» የሻጮቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ስማቸውን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይሩ ብጽፈውም ብዙ አይጠቅማችሁም። አሠራራቸውን ካወቃችሁ ግን ነገ በሌላ ስም ሲመጡም ትለዩዋቸዋላችሁ።

የአክስቴ ልጅ ከፍሎ ስለገባበት ውስጡን አብረን ቁጭ ብለን አየነው። የሚሸጡት ነገር በነጻ የሚገኝ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ለፍታችሁ የሠራችሁት ሙዚቃ እነሱ ጋ ተቆልፎ መቅረቱ ነው።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሞጁላር ማለት ድምፅን ሞጁል ከሚባሉ ትናንሽ ሳጥኖች እየገጣጠሙ መሥራት ነው። አንዱ ሳጥን ድምፁን ያመነጫል፣ ኦሲሌተር ይባላል። ፊልተሩ ይሞርደዋል። ሲኩዌንሰሩ ኖታውን ተራ በተራ ይልክለታል። ሳጥኖቹን በኬብል የምታገናኙት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ የሚወጣው ድምፅ የእናንተ ብቻ ነው። ሮበርት ሙግ እና ዶን ቡክላ አሜሪካ ውስጥ በ1960ዎቹ የጀመሩት ነገር ነው። እውነተኛውን ዕቃ ዛሬም ገዝቶ ወደ አገር ቤት ማስገባት ለአብዛኞቻችን የማይታሰብ ነው፣ ዋጋው፣ ዶላሩ፣ ቀረጡ ሲደማመር። ብሮውዘር ውስጥ መምጣቱ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነበር። የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ በነጻ የተሰጠንን ዕድል መሐል ገብተው ይሸጡልናል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው። «ኃይለኛ ሰርቨራችን ላይ ስለሚሠራ የእናንተ ላፕቶፕ ደካማ ቢሆንም ችግር የለም» ይላል። ውሸት ነው። ድምፁን የሚሠራው የራሳችሁ ላፕቶፕ ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም ውስጥ ዌብ ኦዲዮ የሚባል የድምፅ ሞተር ተገጥሞ ነው የሚመጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ የድር ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። ማንም አዘጋጅቶ የሚሸጥላችሁ ነገር አይደለም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ገጹ ተከፍቶ ቢቱ መጫወት ሲጀምር ዋይፋዩን አጥፉት። እኛም እንደዚያ አደረግን። ሙዚቃው አንድ ምት እንኳን ሳይዘል ቀጠለ፣ ፊልተሩን ስናዞረውም ይታዘዛል። የታለ ሰርቨሩ? ሰርቨሩ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ መግቢያችሁንና የሠራችሁትን ነገር መያዝ። ላፕቶፓችሁ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሞጁል በጨመራችሁ ቁጥር ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል፣ ከፈላችሁም አልከፈላችሁም።

«በአይፎንም ሚዲ ኪቦርድ ሰክታችሁ ተጫወቱ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሚዲ ኪቦርድ ማለት የተጫናችሁትን ኖታ ወደ ኮምፒውተር ወይም ስልክ የሚልክ ፒያኖ መሰል ዕቃ ነው። የአይፎኑ ብሮውዘር ሳፋሪ እሱን ለድረ ገጽ አያስተላልፍም። ክሮም ኮምፒውተር ላይ ያስተላልፋል፣ ፋየርፎክስም ጀምሯል።

ከዚያ የገጹን ፋይሎች ከፈትን። ኤፍ 12 ብትጫኑ ይከፈትላችኋል፣ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሎጎው ተቀይሯል፣ ቀለሙ ተቀይሯል፤ ከፋይሉ አናት ላይ ግን ጂፒኤል የሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ጽሑፍ እንዳለ ተቀምጧል። ለማጥፋት እንኳን አልተቸገሩም። በነጻ የተለቀቀ ፕሮግራም ነው። ሳልሸፋፍን ልናገር፣ ጂፒኤል ያለውን ፕሮግራም መሸጥ በራሱ ክልክል አይደለም። ፈቃዱ ይፈቅዳል። ግን ግዴታ አለው፤ ፈቃዱን ለተጠቃሚው ማሳወቅ፣ የሠሪዎቹን የባለቤትነት ጽሑፍ አለማጥፋት፣ ምንጭ ኮዱንም (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ማቅረብ አለባችሁ ይላል። እነዚህ ሰዎች «የራሳችን ቡድን 2 ዓመት ለፍቶ የሠራው» ብለው ነው የሚሸጡት። ሰው ያለ ክፍያ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረበትን ሥራ የራስ ማድረግ ነውር ነው።

በጣም ያበሸቀኝን ልንገራችሁ። ተጨማሪ 1,500 ብር የሚያስከፍሉበት «የኢትዮጵያ ቅኝቶች ፓኬጅ» አላቸው። ልጁ ይሄንንም ገዝቷል፣ ለነገሩ ማን አይጓጓም? ስንከፍተው ተራ ኳንታይዘር ነው። ኳንታይዘር ማለት 12 የፒያኖ ቁልፎች የተሣሉበት ሞጁል ነው። የምትፈልጓቸውን ቁልፎች ታበራላችሁ፣ የሚገባው ኖታ ሁሉ በቅርቡ ወዳለው የበራ ቁልፍ ይሳባል። ትዝታ ሜጀር ከፈለጋችሁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ማብራት ነው። አምባሰል ከሆነ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል። አለቀ! አምስት ቁልፍ ለማብራት 1,500 ብር። ነጻ ሞጁላር ፕሮግራሞች ውስጥ ኳንታይዘር አለ፣ ራሳችሁ በአንድ ደቂቃ ትሠሩታላችሁ። ማስታወቂያው «ትክክለኛው የክራር ቅኝት» ይላል እንጂ እሱም አይደለም። ክራርና መሲንቆ የሚቃኙት በጆሮ ነው፣ ከፒያኖው 12 እኩል ክፍተቶች ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። ያንን ልዩነት የሚፈልግ ሰው እያንዳንዱን ኖታ በጆሮው እየሰማ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። ከነሱ ፓኬጅ ውስጥ ይሄ የለም።

ዋናው ወጥመድ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ልጁ ለጓደኛው ምርቃት ቆንጆ ቢት ሠራ። በትዝታ የተቃኘ፣ ከሥር ከባድ ቤዝ ያለው፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ። ኤክስፖርት ሲል፣ ማለትም በፋይል ሊያወጣው ሲሞክር፣ የቁልፍ ምልክት መጣበት። በነጻ የሚወጣው 30 ሰከንድ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ የሴት ድምፅ እየደጋገመ የስቱዲዮውን ስም ይጠራበታል። አድሚኑን ሲጠይቀው የመጣለት መልስ ቃል በቃል ይሄ ነው፦ «ወንድሜ፣ ላይፍታይም ያልነው መግቢያውን ነው፣ ኤክስፖርት ወርሃዊ ፓኬጅ ነው።» ብሬን መልሱልኝ ሲል ብሎክ አደረጉት። የሠራውን ፕሮጀክት ፋይል ማውረጃ ቁልፍም የለም። የገጹ ደንቦች ውስጥ ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ፣ በስቱዲዮው የተሠራን ማንኛውንም ሙዚቃ ለማስታወቂያቸው መጠቀም እንደሚችሉ ተጽፏል። ከከፈለ በኋላ ነው ያነበብነው፣ ምክንያቱም ከመክፈላችሁ በፊት ደንቡ የትም አይታይም።

«ዕድሜ ልክ» የሚለውንም አትመኑት። ድረ ገጽ ዕድሜው ባለቤቱ ኪራዩን እስከከፈለበት ቀን ድረስ ነው። ቅን ሰዎች እንኳን ሊያረጋግጡት የማይችሉት ነገር ነው። ድሮ በብሮውዘር የሚሠሩ ብዙ የሙዚቃ መሥሪያዎች በፍላሽ ነበር የተሠሩት፤ አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽን ሲያቆመው ገንዘብና ጉልበት ያላቸው እንደ አዲስ ተሠሩ፣ የቀሩት ጠፉ። ሥራችሁን በፋይል እጃችሁ ላይ ካላስቀመጣችሁ የናንተ አይደለም።

በነጻ ምን አለ ላላችሁኝ፣ ካርዲናል አለ። ክፍት ምንጭ ነው፣ በብሮውዘር የሚከፈት ቅጂ አለው፣ ኮምፒውተር ላይም ይጫናል፣ ሙዚቃ ስቱዲዮ ፕሮግራማችሁ ውስጥ እንደ ፕለጊንም (ተጨማሪ መሣሪያ) ይገባል። ኖይዝክራፍት ቀለል ያለ ነው፣ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ፤ ሳጥኖቹ ጥቂት ስለሆኑ ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ስትሩደል ደግሞ ኬብል የለውም፣ ኖታውን በጽሑፍ ትጽፉታላችሁ፣ እየተጫወተ እያለ ትቀይሩታላችሁ። ሥራችሁ ጽሑፍ ስለሆነ ኮፒ አድርጋችሁ ስልካችሁ ኖት ላይ እንኳን ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ኢንተርኔት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቪሲቪ ራክን አንዴ አውርዳችሁ ጫኑት። ነጻው ቅጂ ይበቃችኋል። የሚከፈልበት ፕሮ የሚባልም አለው፤ ሠሪው ይታወቃል፣ ዋጋውና ልዩነቱ በግልጽ ተጽፏል። እንደዚያ ዓይነቱን መክፈል ችግር የለውም፣ አቅሙ ያለው ይክፈል።

ሌላ ሻጭ ሲመጣባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሙሉውን ሥራ በዋቭ (ጥራቱ ያልተቀነሰ የድምፅ ፋይል) ማውጣት ይቻላል ወይ? የፕሮጀክቱን ፋይል ማውረድ ይቻላል ወይ? ደረሰኝ ትሰጣላችሁ ወይ? መልሱ «ኢንቦክስ እናውራ» ከሆነ ተዉት። ብሩም በግለሰብ የቴሌብር ቁጥር ነው የሚገባው፣ አንዴ ከላካችሁት በኋላ መለመን ነው የሚቀራችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ ግን ስሙንና አድራሻውን የማታውቁትን ሰው በምን ትከሱታላችሁ?

ቀድማችሁ ለከፈላችሁ ደግሞ፣ መግቢያችሁን ሳይዘጉባችሁ ዛሬውኑ ሥራችሁን አውጡ። የሴትየዋ ድምፅ የሚገባው ኤክስፖርት ስታደርጉ ብቻ ነው፣ ሲጫወት የለም። ስለዚህ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በነጻ አውርዱ። ዊንዶውስ ከሆነ የድምፅ መቼቱ ላይ ዋሳፒ የሚለውን፣ መቅጃው ላይ ሉፕባክ የሚል የተጻፈበትን ምረጡ። መቅዳት ጀምሩና ቢቱን ከመጀመሪያው አጫውቱት። ኮምፒውተሩ የሚያሰማው በቀጥታ ይቀዳል፣ ማይክ አያስፈልግም፣ የጎረቤት ጫጫታም አይገባበትም። ዋትሳፕና ቴሌግራም ማሳወቂያዎችን ግን ቀድማችሁ አጥፉ፣ እነሱም ይቀዳሉ። በዋቭ ስታስቀምጡት በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ከቻላችሁ ከበሮውን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ፣ ዜማውን ለብቻ ቅዱት፣ በኋላ ለማስተካከል ይመቻችኋል። ከዚያ የሞጁሎቹን ገጽ ቀረብ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ፣ ኬብሎቹና ማዞሪያዎቹ የቆሙበት ቦታ እንዲታይ። ካርዲናል ላይ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። የኛ ልጅ በአንድ ማታ ጨርሶ ገጥሞታል። የከፈላችሁበትን ማረጋገጫና ከአድሚኑ ጋር የተጻጻፋችሁትንም አብራችሁ አስቀምጡ፤ እነሱ ቻቱን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችላሉ።