የኦንላይን ስልጠናው ሠርቷል? ሦስት መመዘኛዎች ሲነጻጸሩ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ቡሬ፣ ለሠራተኞቻችሁ የኦንላይን ስልጠና ስትገዙ ሻጩ ቀድሞ የሚያሳያችሁ "ይህን ያህል ሰው ጨረሰ" የሚለውን ቁጥር ነው። መጨረስ ሌላ፣ መቻል ሌላ። ስለዚህ መመዘኛውንም አብራችሁ ምረጡ።

አሜሪካዊው የስልጠና ምዘና ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ በ1959 እ.ኤ.አ. ያቀረባቸው አራት ጥያቄዎች ዛሬም ይሠራሉ። ሰልጣኙ ወደደው? ተማረ? ሥራው ላይ አዋለው? ድርጅቱስ ምን አገኘ? ሦስቱን መመዘኛዎች በእነዚህ ጥያቄዎች እንያቸው።

መጠይቅ። በጉግል ፎርም በነጻ ይዘጋጃል፣ በስልክ ይሞላል። ቪዲዮው ከብዶ እንደሆነ ወይም ድምፁ ተቆራርጦ እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ይሉኝታ አለና አሰልጣኙን ላለማስቀየም "በጣም ጥሩ" የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል ሰው።

ከስልጠና በፊትና በኋላ ፈተና። ለዚህ ሙድል (Moodle) የተባለው የኦንላይን ማስተማሪያና መፈተኛ ሶፍትዌር ጥሩ ነው። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ወጪው ሰርቨሩና የሚያስተዳድረው ባለሙያ ነው። በሰው ቁጥር በዶላር የሚከፈልባቸው ሌሎች ሶፍትዌሮች አሉ፤ ውጭ ምንዛሬ ለማያገኝ ድርጅት ግን በየዓመቱ ራስ ምታት ናቸው። ሙድል ሰልጣኞች በብዛት የሳቱትን ጥያቄ ለይቶ ያሳያል። በስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዶ ኔትወርክ በሌለበት መከታተል ይቻላል፤ ኔትወርክ ለሚጠፋበት ወረዳ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ፣ ፈተናውን ማን እንደሠራው አታዩም።

ሥራ ቦታ ሄዶ ማየት። ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉ ባይ ነኝ። የበቆሎ ማኅበር መጋዘን ጠባቂ ስለ እህል እርጥበት ሰለጠነ እንበል። ለረጅም ጊዜ የሚከማች በቆሎ እርጥበቱ ከ13 በመቶ አካባቢ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ካለፈ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የተባለውን ለጤና አደገኛ መርዝ የሚያመጣው ሻጋታም ይመቸዋል። ፈተናው ላይ "13" ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ መጋዘኑ በር ላይ ቁሙ። ናሙና የሚያወጣው ከጆንያው አፍ ብቻ ነው ወይስ ከመሀልና ከታችም? መለኪያውን ይጠቀማል ወይስ እንደ ድሮው ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ ያሳልፋል? ቁጥሩን መዝገብ ላይ ይጽፋል? የባለፈውን ሳምንት ገጽ ገልጣችሁ እዩ። ባዶ ከሆነ ሰርተፍኬቱ ምንም አይነግራችሁም።

ጉድለቱን ስታዩ ግን ጥፋቱን ሰልጣኙ ላይ አትጣሉ። የመለኪያው ባትሪ አልቆ ይሆናል፤ ወይም አለቃው "ቶሎ አራግፍ" ይለው ይሆናል።

ጉብኝቱ ትራንስፖርትና አበል ያስወጣል፣ እውነት ነው። ለዚህ የሌላውን የስልጠና ምዘና ምሁር የሮበርት ብሪንከርሆፍን መንገድ እወደዋለሁ፦ ሁሉንም ከማዳረስ፣ በጣም የተለወጡትን ጥቂቶችና ምንም ያልተለወጡትን ጥቂቶች መርጦ በጥልቀት ማነጋገር። ባለሙያውም ከአዲስ አበባ መምጣት የለበትም፤ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያሉባቸው ከተሞች ናቸው፣ እዚያው ጠይቁ።

አራተኛው ጥያቄ፣ ድርጅቱ ምን አገኘ የሚለው፣ ከባድ ነው። የተበላሸው እህል የቀነሰው በስልጠናው ነው ወይስ ዝናቡ ቀድሞ ስላቆመ? ግማሹን መጋዘን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ አሰልጥናችሁ ብታነጻጽሩ መልሱ ይጠራል።

ሰልጣኞቻችሁ ጥቂት ከሆኑ መጠይቅና የሥራ ቦታ ጉብኝት ይበቃችኋል፤ ሙድል ይቅርባችሁ። በየወረዳው የተበተኑ በመቶ የሚቆጠሩ ከሆኑ ግን ሙድልን ያዙ፣ ጉብኝቱን በናሙና አድርጉት። ከሻጩ ጋር ስትዋዋሉም የመጨረሻው ክፍያ ከጉብኝቱ በኋላ እንዲሆን በውሉ ላይ አስጽፉ።